ባሌ ትዕግሥት ሊማር የሄደበት ክረምት

ከአምፋዋ፣ ቦይ ዳር
የክረምቱ ሱባኤ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ 2512 ዓመተ ቡድሃ

ለተከበሩ አባ ቡንሮት፣

ከእግርዎ ሥር ሦስት ጊዜ ሰግጄ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ በደህና መግባትዎን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። የጠየቁኝን ሁሉ በተርታ እመልሳለሁ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። «ለምእመን ላማይ» ብለው ነው የጀመሩት። ሃያ ስድስት ዓመት አጠገብዎ የተኛሁ፣ ጩኸትዎን በጆሮዬ የተሸከምኩ ሴት በዘጠኝ ቀን ውስጥ ምእመን ሆኜ ቁጭ አልኩ? መነኩሴ ሚስቱን እንደዚያ እንደሚጠራ ጠፍቶኝ አይደለም። አውቃለሁ፣ ግን አናደደኝ።

«ዛፎቹን ማን ይወጣል?» ላሉት፦ ሰው አግኝቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የኮኮናቱ አበቦች ሳይቆረጡ ቀርተው፣ ሊደርቁብኝ ነው ብዬ ልቤ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደረሰልኝ። ጠዋትና ማታ የቀርከሃውን መወጣጫ ተሸክሞ ከዛፍ ዛፍ ይዞራል፣ የአበባውን ጫፍ ይቆርጣል፣ ጭማቂውን ያወርዳል። ጭማቂውን አፍልቼ ስኳር የማደርገው እኔ ነኝ። «የማን ልጅ ነው?» ላሉት፦ የእናቱ ልጅ ነው። መነኩሴን የሰው ዘር ምን አስጨነቀው?

«ፒኩን ጻፈች ወይ?» ላሉት፦ ልጃችን አልጻፈችም። በምን እጇ ትጻፍ? ከዚያ ከባለ ጀልባው ጋር ኮበለለች፣ እሺ፣ አጥፍታለች። እንደ ወጉ ግን አበባና ሻማ በሰሐን ይዘው፣ ሁለቱም ደረጃችን ሥር ተንበርክከው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። ሰሐኑን በእግርዎ ጠልዘው ቦዩ ውስጥ የከተቱት እርስዎ ነዎት። ጎረቤቱ ሁሉ አበባው ሲንሳፈፍ እያየ ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ።

ለሦስት ወር መንኩሰው እዚያ ጫካ ውስጥ እንዲቀመጡ ለምን እንደላክሁዎት እንዳይረሱ። ልጄንና የልጅ ልጄን በቤቴ ማየት እፈልጋለሁ። ያንን ቁጣ እዚያው ጥለውት ካልመጡ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ልጄ ካለችበት ገብቼ እኖራለሁ። የቀልድ አይደለም።

ላማይ (ምእመኗ)

*

ከኡዶን፣ ከጫካው ገዳም
በአሥራ ዘጠነኛው ቀን

ለምእመን ላማይ፣

ምን ላድርግ፣ ሌላ ስም የለኝም። «ለሚስቴ» ብዬ ብጽፍ የገዳማችን አለቃ ታላቁ አባ ፊት እንዴት እቀርባለሁ?

ደህና ነኝ። ምግብ በቀን አንዴ ነው፣ ደህና። ትንኙም ደህና ነው። ያልተቻለው አባ ኪያን ነው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጎጆው ከጎኔ ነው። ገና ወፍ ሳይንጫጫ ጉሮሮውን መጥረግ ይጀምራል። እህህ! ይላል። ዝም ይላል። አበቃ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን፣ እህህ! ትናንት ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ አስቸገርኩህ?» ሲለኝ «ኧረ በፍጹም» አልኩት። በሱባኤ የመጀመሪያ ውሸቴ ይቺ ናት።

ምን እንደሚያስተምሩኝ ልንገርሽ። ታላቁ አባ አስጠራኝና «በማን ነው የምትናደደው?» አለኝ። «በአማቼ፣ በዚያ ጀልባ ነጂ» አልኩት።

«በምኑ? በፀጉሩ ነው?»

«አይደለም።»

«በጥፍሩ? በጥርሱ? በቆዳው? በሥጋው? በአጥንቱ?» እያለ እስከ አንጀቱ ቆጠረልኝ። «አንድ አንዱን እየነጠልክ ፈልግ። የምትናደድበትን ያገኘህ ቀን መጥተህ ንገረኝ።»

ሳምንት ሙሉ ፈለግሁ። ፀጉሩ ምንም አላደረገኝም። ጥፍሩም አላደረገኝም። ጥርሱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያቺ የወርቅ ጥርሱ! ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ ብልጭ ትላለች እኮ። ሮጬ ሄጄ «አገኘሁት፣ በጥርሱ ነው» አልኩ። ታላቁ አባ እስኪያስለው ሳቀና «እንግዲያው ጥርሱን ቀንስለትና የቀረውን ሰውዬ ይቅር በለው» አለኝ።

አንቺም እዚያ ስትናደጂ ሞክሪው። ከሁሉም በላይ ግን መታገሥ ነው።

ቡንሮት

*

ከአምፋዋ
በሃያ ስምንተኛው ቀን

ለተከበሩ አባ፣

እግርዎ ሥር እሰግዳለሁ። ስለ ጥርሱ አነበብኩ። ሳቅኩም፣ አልዋሽም።

ግን «መታገሥ ነው» የምትለዋን ቃል በሞቴ ዳግመኛ እንዳይጽፉልኝ። እኔ ምን ላይ እንዳለሁ ያውቃሉ? ዝናቡ አሥራ አንድ ቀን አላባራም። የኮኮናቱ ልጣጭ በሙሉ ርሷል፤ አይነድም፣ ይጨሳል ብቻ። ዓይኔ በርበሬ መስሏል። ትናንት እሳቱ ጠፍቶብኝ ጭማቂው ቆመጠጠና ሁለት ብረት ምጣድ ሙሉ ቦዩ ውስጥ ደፋሁ። ያ ሰው ደግሞ፣ ዛፍ ወጪው፣ ቀርፋፋ ነው። ደግ ነው፣ ሥራ አይንቅም፣ ግን ሲቆርጥ አበባዋን አስፈቅዶ የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። «ቶሎ በል እንጂ!» ስለው «እሺ እማ» ይላል፣ እንደገና እንደዚያው። ቆሽቴን አሳረረው።

በማን ልናደድ ታዲያ? በዝናቡ ፀጉር? በምድጃው ጥፍር? ኤዲያ! እርስዎ ጫካ ውስጥ በሰላም ተቀምጠው የሚማሩት ትዕግሥት እኔ ምድጃ ላይ ነው የሚበስለው።

ስለ ጤናዬ ባይጠይቁኝም፣ ጉልበቴ ያመኛል። ሌላ ምንም የለም። ቤቱ ባዶ ሆኖባት ይሆናል ብለው እንደሆነም፣ አልሆነብኝም።

ላማይ

*

ከጫካው ገዳም
በአርባ አምስተኛው ቀን

ለምእመን ላማይ፣

ያቺን ቃል አልጽፍም። ይቅርታ። ይቅርታ ብዬ ስጽፍልሽ ከተጋባን ወዲህ መጀመሪያዬ ይመስለኛል።

አሁን ያለሁበት ትምህርት ይህ ነው። ቁጭ ብዬ በጎ እመኛለሁ። በመጀመሪያ ለራሴ። ቀጥሎ ለምወደው ሰው። ቀጥሎ ለማልወደውም ለማልጠላውም ለአንድ እንዲሁ ላለ ሰው። በመጨረሻ ለጠላቴ። ሦስተኛውን ማን ላድርግ ብዬ ተጨነቅሁ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ የማልጠላው ሰው ማግኘት ይቸግረኛል። ኋላ ያ ዛፍ ወጪሽ ትዝ አለኝ። አላውቀውም፣ ክፉም ደግም አላደረገኝም። ስለዚህ በየጠዋቱ «ከፍርሃት ይዳን፣ ከሕመም ይዳን፣ በሰላም ይውጣ፣ በሰላም ይውረድ» እለዋለሁ። ይገርምሻል፣ ወደድኩት። መልኩን ሳላውቀው ወደድኩት። በረከቴን እንደማካፍለው ንገሪልኝ። ደግሞ በመንደራችን ያለፈ ሰው ገመዳችን ላይ የሕፃን ልብስ ተሰቅሎ አየሁ አለኝ፤ የማን ነው?

አራተኛው ላይ ግን ተዘግቻለሁ። ያንን ጀልባ ነጂ ፊቴ ሳመጣው ደሜ ይፈላል። የሰሐኑን ነገር ስነግረው ታላቁ አባ «ከሰሐኑ በፊት ምን ነበር?» አለኝ። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ላንቺም ያልነገርኩሽን ነገርኩት። ፒኩን የጠፋች ጊዜ ስኳር ልሸጥ ነው ብዬሽ የወጣሁት ስኳር ልሸጥ አልነበረም። ጫማዋን ቦዩ ዳር አግኝቼው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ረጅም ቀርከሃ ይዤ የቦዩን ወለል እየወጋሁ ፈለግኋት። ቀርከሃው ለስላሳ ነገር በነካ ቁጥር ጠልቄ በእጄ እዳስስ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ በሰውዬው ጀልባ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስትበላ አየናት አሉኝ።

ይኸው ነው። ለማንም አትንገሪ።

ቡንሮት

*

ከአምፋዋ
በሃምሳ አራተኛው ቀን

አባ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ፤ እጄ ስኳር ነው።

ስለ ቀርከሃው አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት! አጠገቤ ተኝተህ ሦስት ዓመት ሙሉ! እኔ ልቡ ድንጋይ ነው እያልኩ ስረግምህ አንተ ግድግዳውን እያየህ ዝም! ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ይቅርታ፣ ምን ዓይነት ሰው ነዎት። «አትንገሪ» ያሉትን አልጠበቅሁም፤ ሊሰማው ለሚገባ ሰው ነግሬያለሁ። አለቀሰች፣ ያለቀሰችውን ሰው ማንነት አይጠይቁኝ።

«በመንደራችን ያለፈ ሰው ገመዳችን ላይ የሕፃን ልብስ ተሰቅሎ አየሁ አለኝ» ላሉት፦ የዛፍ ወጪው ሚስት ልጅ አላት። ትንሽ ሴት ልጅ ናት። የታጠበ ልብስ ደግሞ ይሰቀላል። ለዚህም ማስረዳት አለብኝ?

በረከትዎን ለሰውዬው ነግሬዋለሁ። ትንሽ ቆሞ አየኝ፣ መወጣጫውን አንሥቶ ሄደ። ነገሩ አልገባኝም፤ ዝናብ ላይ ነው የነገርኩት፣ ምናልባት በርዶት ይሆናል።

ላማይ

*

ከጫካው ገዳም
በስልሳ ስምንተኛው ቀን

ለምእመን ላማይ፣

አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፣ እንዳትቆጪ።

የሱባኤው መዝጊያ ዕለት መነኮሳት ሁሉ እንሰበሰብና እያንዳንዱ ተንበርክኮ ሌሎቹን «ያያችሁብኝ፣ የሰማችሁብኝ፣ የጠረጠራችሁብኝ ጥፋት ካለ እዘኑልኝና ንገሩኝ» ይላል። ታላቁ አባ ራሱ ይለዋል። እኔ እዚህ ምን ይገኝብኛል? አባ ኪያንን በዓይኔ ከመግደል በቀር ምንም አላደረግሁም። ጥፋቴን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አንቺን እጠይቅሻለሁ፤ ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ የጠረጠርሽውን ጻፊልኝ። አልቆጣም።

እንዴት እንደሆንኩም ልንገርሽ። የተለወጥኩ ይመስለኛል። አራተኛውም ሰው እየቀለለኝ ነው። ትናንት የጀልባ ነጂውን ፊት አመጣሁና እስከ ሃያ ስቆጥር ምንም አልሆንኩም።

ቡንሮት

*

ከአምፋዋ
በሰባ ሰባተኛው ቀን

ለተከበሩ አባ፣

«አልቆጣም» ብለዋል። ደብዳቤው እጄ ላይ አለ።

ያየሁት፦ ሰሐኑን። የሰማሁት፦ ድምፅዎ ሲነሣ ሰማይ ጠቀስ ዛፎች ላይ ያሉ ወፎች ሲበሩ። የጠረጠርኩት፦ መናደድ የሚቀልዎት ማዘን ስለሚከብድዎት እንደሆነ። በቃ፣ ይህን ያህል ነው። የሌላውን ሃያ ስድስት ዓመት ምሬዎታለሁ።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣሉ፣ ከደጃፍ ላይ ከሚያዩት ይህ ይሻላል። ዛፍ ወጪው ሳዌንግ ነው። አዎ፣ እሱ። አማችዎ። እርስዎ በሄዱ ማግሥት ለፒኩን መልእክት ላክሁ፣ በሦስተኛው ቀን ሦስቱም በጀልባቸው መጡ። የሕፃኗ ስም ኦይ ነው፤ የርስዎን ግንባር ነው የያዘችው፣ ስትቆጣም ቁርጥ እርስዎን ነው። ሳዌንግ በሕይወቱ ዛፍ ወጥቶ የማያውቅ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቶ ደረቱ ተልጦ አንድም ቀን አልቀረም።

ሁለት ጊዜ ነው የዋሸሁት። ለእርስዎ ማን መሆኑን ደበቅሁ። ለእነሱ ደግሞ «አባታችሁ ያውቃል፣ ፈቅዷል» አልኳቸው፤ እንዲያ ባልል አይመጡም ነበር። ፒኩን እስካሁን እውነት ይመስላታል። እርስዎ በድሮው ድምፅዎ በደጁ ከገቡ እነሱ በቦዩ በኩል ይወጣሉ፤ ሁለተኛ አይመለሱም። እኔም አብሬያቸው ነኝ።

ይኸው። ይናደዱ እንግዲህ።

ላማይ

*

ከጫካው ገዳም
በሰማንያ ሁለተኛው ቀን

ላማይ፣

አታለልሽኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንደ ሕፃን አጫወትሽኝ። እኔ እዚህ በባዶ ሆድ ተቀምጬ በየጠዋቱ የምመርቀው ያንን ሌባ ኖሯል! በቤቴ፣ በምድጃዬ፣ በገዛ መወጣጫዬ! ምርቃቴን በሙሉ መልሼ ወስጃለሁ፣ አንድም አልተውኩለትም። ይውጣ! በእጄ የተከልኳቸውን ዛፎች በሙሉ ይውጣቸው፣ ከአንዱም ላይ ወድቆ አንገቱ ይሰበር!

ትዕግሥት አሉ። ትዕግሥት ገደል ይግባ።

ቡንሮት

*

ቴሌግራም
ከኡዶን ለአምፋዋ፣ በሰማንያ ሦስተኛው ቀን

ላማይ። ከጉድጓዱ ማዶ ያለችውን ዘመም ያለች ዛፍ ማንም እንዳይወጣት። ውስጧን ጢንዚዛ በልቶታል። ለሳዌንግ አሁኑኑ ንገሪው። ዛፍ ላይ ከሆነ ቀስ ብሎ ይውረድ። ቡንሮት።

*

ከጫካው ገዳም
በዚያው ቀን

ላማይ፣

ቴሌግራሙ እንደደረሰሽ ማን ይነግረኛል? እስከዚያ እንዴት ልሁን? ትናንት የላክሁት አንድ ደብዳቤ በመንገድ ላይ ነው። አትክፈቺው። ስለ ልጅቷ ብለሽ አትክፈቺው።

ዛሬ ጠዋት ተቀምጬ ንዴቴን እያኘክሁ ነበር። አንገቱ ሲሰበር እያየሁት ነበር፣ ምን ልደብቅሽ። ከየቱ ዛፍ ይውደቅ ብዬ እየመረጥኩ አንድ በአንድ ስዞር ከጉድጓዱ ማዶ ያለችው ጋ ደረስኩ። ያን ጊዜ ብድግ አልኩ። ሱባኤ ከመግባቴ በፊት ባለው ወር ነው ባዶነቷን ያወቅሁት፤ እቆርጣታለሁ ብዬ ሳልቆርጣት መጣሁ። እኔ ስለማውቃት ዘልያት አልፋለሁ፤ ሌላ ሰው እንደሚወጣት ለአንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። «በሰላም ይውጣ፣ በሰላም ይውረድ» እያልኩ እቀመጣለሁ፣ ዛፏን አልነገርኩትም! እንዲህ ያለ ጅል መነኩሴ የት አለ?

ከተማ ድረስ በእግር ነው። አባ ኪያን «ብቻህን አትሄድም» ብሎ ተከተለኝ። በየኩይሳው ይቆማል። እህህ! ይላል። ልሸከመው ምንም አልቀረኝም። ፖስታ ቤት ስደርስ ጸሐፊው «አባ፣ ቴሌግራም ይከፈልበታል» አለኝ። እኔ ገንዘብ መንካት አልችልም፤ ካልጠየቁኝ ደግሞ ስጡኝ ማለት አይፈቀድልኝም። ቆምኩ። ልጁ ዛፍ ላይ ነው፣ እኔ እንደ ምሰሶ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ደረቅ ዓሣ የተሸከመች ሴት «አባ፣ ምን ቸገረዎት?» እስክትለኝ ድረስ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። ስነግራት «ጻፍለት አንተ፣ እኔ እከፍላለሁ፣ ቃልም አትቆጥብ» ብላ ጸሐፊው ላይ ጮኸችበት። እንዴት ደስ የሚል ጩኸት መሰለሽ።

በደህና መሆኑን ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ቡንሮት

*

ከአምፋዋ
በሰማንያ ስምንተኛው ቀን

ቡንሮት፣

አባ ብዬ የምጽፍበት ልብ የለኝም፤ ታላቁ አባ ይቅር ይበለኝ። ደህና ነው። ደህና ነው። በመጀመሪያ ይህን አንብብ፣ ከዚያ ሌላውን።

ቴሌግራሙ እኩለ ቀን ላይ በፖስታ ጀልባ መጣ። ሁላችንም ምድጃው ጋ ነበርን፤ ምን ሞት መጣ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሳዌንግ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና እሱም ለብቻው አነበበው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ «ያቺን ዛፍ እኮ በአራተኛው ቀን ነው የተውኳት» አለ። በቢላዋው እጀታ መታ ሲያደርጋት ባዶ ሆና ሰማት። በቃ፣ ወጥቷትም አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«አባባ እዚህ መሆኔን ያውቃሉ ብለሽኛል፣ እማ። ዛፎቹን በእጃቸው ያሳደጉ ሰው ይቺን ሊስቱ ነው? አውቀው ለኔ የተዉልኝ መስሎኝ ነው።»

ገባህ? ያን ሁሉ ጊዜ! ምርቃትህን ስነግረው፣ ሊገድለኝ የሚፈልግ ሰው በረከት ላከልኝ ብሎ ነው መወጣጫውን ያነሣው። የኔ ውሸት ነው ይህን ያደረገው፣ ያንተ አይደለም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያንጊዜውኑ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ አንተ እንዳልፈቀድክ፣ ማን እንደሆነም እንዳላወቅህ። ፒኩን እንዴት እንደጮኸችብኝ! ያንተ ልጅ መሆኗን ቦዩ ሁሉ ሰማ። ጓዟን መጠቅለል ጀምራ ነበር። ሳዌንግ ግን ቁጭ እንዳለ ነው።

«ያንን እያሰብክ ለምን አልሄድክም?» አልኩት፣ እያለቀስኩ።

«ሌሎቹ ዛፎች ደህና ናቸው» አለኝ።

ፒኩን የያዘችውን ልብስ እንደያዘች ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ መልሳ ሰቀለችው። ያኛው ደብዳቤህ በነጋታው መጣ። ብዕሩ ወረቀቱን እስከ ጀርባው ወግቶታል፤ ሳልከፍተው ነው ምን እንዳለ ያወቅሁት። ምጣዱ ሥር ጨመርኩት፣ ከልጣጩ የተሻለ ነደደ።

ዛፏን ትናንት ቆርጠው ጣሏት። ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ላጥብለት ስቀበለው ቴሌግራሙን ከኪሱ አውጥቶ ያዘና ሸሚዙን ብቻ ሰጠኝ። ልብሰ ምንኩስናህን መልሰህ ስትመጣ ባቡር ጣቢያው ላይ የሚቀበልህ እሱ ነው።

ላማይ